ከውሃው በፊት

በቅሎዎቹ ከመታየታቸው በፊት የአንገታቸው ቃጭል ተሰማ። ሮማውን የካየታኖን ክንድ ጎትቶ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ገባ። ጨውና የብረት ዘንግ ጭኖ ወደ ማሪያና ከተማ የሚወርድ ረጅም ቅፍለት ነበር። ነጂዎቹ ሁለቱን ሽማግሌዎች ከጉቶ ሳይቆጥሯቸው አለፉ። የመጨረሻዋ በቅሎ ጭቃውን በኮቴዋ ረጭታ፣ ለክርስትናው የታጠበውን የካየታኖን ነጭ ሱሪ እስከ ጉልበቱ አበላሸችው።

«ጉድ እኮ ነው!» አለ ካየታኖ እግሩን እያራገፈ። «ድሮ ንጉሥ ሲያልፍ ሕዝብ ከመንገድ ይወጣ ነበር። ዛሬ ንጉሡ ቦይ ገብቶ በቅሎ ያሳልፋል።»

«ጃንሆይ፣ ንግሥናዎ ካለቀ ዓመት ሆነው። አሁን ይራመዱ።»

«ንግሥና አያልቅም። ዘውዱ ይወልቃል እንጂ።»

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በከተማቸው በቪላ ሪካ የጥቁሮቹ ማኅበር፣ የመቁጠሪያዋ እመቤት ማኅበር፣ በየዓመቱ ለበዓሏ ንጉሥና ንግሥት ይመርጣል፤ አምና የነገሠው ይኸው ካየታኖ ነበር። ያን ቀን ከበሮ እየተመታለት፣ የቆርቆሮ ዘውድ ደፍቶ፣ ጥላ ተይዞለት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዷል፤ ነጮቹ ጌቶች እንኳ በየመስኮታቸው ባርኔጣቸውን አንሥተውለታል። በማግስቱ እነዚያኑ ጌቶች በመረብ አልጋ ተሸክሞ ዳገት ወደሚያወጣበት ሥራው ተመለሰ። ግራ ጉልበቱን ያበላሸውም ያው ሥራ ነው።

ዛሬ በአዲስ ጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ያሰረው ግን ቆርቆሮ አይደለም። የእመቤታችን የራሷ የብር ዘውድ ነው፣ ከሐውልቷ ራስ ላይ የወረደ። ማኅበሩ ይህን ዘውድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያስወጣው ነግሦ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ሮማውን ባልንጀራውን ከነአንካሳ ጉልበቱ ይዞት ከመምጣት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ሮማውን የተሸከመው ትንሽ ነገር ነው። ከሸሚዙ ሥር የቆዳ ከረጢት ሆዱ ላይ ታስሯል። በውስጡ ያለው የወርቅ ብናኝ ነጻ ከወጣ ጀምሮ በየወንዙ ቆሞ አሸዋ በገበቴ እያጠበ ያጠራቀመው ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ሳንባውን በልቶታል፤ ዳገት ሲወጣ ደረቱ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። ወንዞቹም ቢሆኑ ደክሟቸዋል፣ እንደ ጥንቱ አይሰጡም።

ያን ሁሉ የለቀመው ለአንዲት ልጁ ለኤውፍራዚያ ነበር። ኤውፍራዚያ ሁለቱ በሚሄዱባት በካታስ አልታስ የካፒቴን ፉርታዶ ባሪያ ናት፤ ዋጋዋ ግን አባቷ ባጠራቀመ ቁጥር እየሸሸ ሄደ። አሁን ደግሞ ሴት ልጅ ወለደች። ካፒቴኑ በቄሱ ፊት ቃል ሰጥቷል፦ ሕፃኗ ከመጠመቋ በፊት ይህ ወርቅ ከጥምቀቱ ገንዳ ጠርዝ ላይ ከተቀመጠ፣ ከነጻ ማህፀን እንደ ተወለደች ትቆጠራለች። ውሃው ራሷን ከነካ በኋላ ግን የቤቱ ንብረት ናት፤ ያኔ ሮማውን እስኪሞት አሸዋ ቢያጥብ ዋጋዋ ላይ አይደርስም። ጥምቀቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ይህ ቀን ዓርብ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ካየታኖ ቁልቁለቱን በዱላው እየተደገፈ። «ካታስ አልታስ የመቁጠሪያዋ እመቤት የለችም?»

«አለች።»

«ዘውድ የላትም?»

«አላት።»

«ታዲያ እኔ በዚህ ጉልበት ተራራ የምሻገረው ምን ጎደለ ብዬ ነው?»

«እኔ የተሳልኩት ለኛዋ ነው። ልጄን በሰላም ገላግያት፣ የሕፃኗ ክርስትና እናት አንቺ ነሽ ያልኳት እኛ ደብር ተንበርክኬ ነው። የካታስ አልታሷ ምን ሰምታ ታውቃለች?»

«እመቤታችን እኮ አንዲት ናት፣ አንተ ሰው።»

«አንዲት ናት። እኔን የምታውቀኝ ግን የኛዋ ናት።»

በልቡ ካየታኖም የሚያምነው ይህንኑ ነው። ድሃ ባሪያ ለልጁ ክርስትና እናት ሲያጣ እመቤታችንን ይለምናል፤ በጥምቀቱ ጊዜ ዘውዷ የሕፃኑን ራስ ይነካና እሷ እናት ትሆናለች። ክርስትና አባቱ ደግሞ ካየታኖ ሊሆን ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አበልጅ ይባባላሉ፤ እስከዚያው ግን ይሰዳደባሉ።

ያስቸገራቸው የዘውዱ ሕግ ነው እንጂ መንገዱስ እንደምንም ይገፋ ነበር። የእመቤታችን ዘውድ ባለፈበት ከተማ ሁሉ በጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ፣ መንበር ላይ አርፎ፣ ውዳሴ ተደርሶለት ነው የሚወጣው። ተደብቆ ካለፈ ለዚያ ደብር ስድብ ነው። ማሪያና ገና ከመድረሳቸው አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ የካየታኖን ደረት አይታ «እመቤቴ መጣች!» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው ደወሉ ተደወለ። ማኅበርተኛው ከየጌታው ወጥ ቤትና በረት እየሮጠ ደረሰ። ከበሮ ተመታ፣ ሻማ በራ፣ ውዳሴው ተጀመረ።

ሮማውን ከአንድ ዓምድ ሥር ተንበርክኮ ፀሐይ ከመስኮቱ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ስትሄድ አያት ነበር። እመቤታችንን ይወዳታል። ውዳሴዋ ግን ያን ቀን በጣም ረዘመበት። ሲያልቅ ደግሞ የማኅበሩ አለቃ በበቆሎ ገንፎና በጎመን ሰሃን መንገዱን ዘጋው።

«ወንድሞቼ፣ እሑድ ጥምቀት አለብኝ። ልሂድ» አለ ሮማውን።

«እመቤታችን በደጃችን መጥታ ሳትቀምስ ትሂድ? ምን ልትለን ነው?»

«እሷ አትበላም እኮ!»

«ንጉሡ ይበላላታል» አለ አለቃው። ንጉሡም አላሳፈረውም።

ካማርጎስ ሲደርሱ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። የካማርጎስ ቤተ ክርስቲያን ከኮረብታ አናት ነው ያለው፤ የድንጋይ ደረጃው ከታች ሆኖ ሲያዩት መጨረሻ ያለው አይመስልም። መንደሩ ጭር ብሏል። የግማሹ ቤት ጣራ ወድቋል፣ በበሩም ሣር በቅሏል።

«እንለፈው» አለ ሮማውን፣ ደረቱን ይዞ። «ማንም የለም። ማን ያየናል?»

«እሷ ታየናለች።»

«ጉልበትህስ?»

«ጉልበቴ የኔ ነው፣ ዘውዱ የሷ ነው» አለና ካየታኖ የመጀመሪያውን ደረጃ ወጣ።

ከላይ ያገኙት ማኅበርተኛ አንድ ጥርሱ ብቻ የቀረ ሽማግሌ ነው። ዘውዱን ሲያይ ባርኔጣውን ጥሎ ሮጠና ደወሉን ራሱ ደወለ፤ ተመልሶ ከበሮውን ራሱ መታ፤ ውዳሴውንም ራሱ መርቶ ራሱ ተቀበለ። ሁለቱ እንግዶች ሊያግዙት ሲሞክሩ እጁን አወናጨፈባቸው።

«ሌሎቹ ማኅበርተኞችስ የት ሄዱ?» አለው ካየታኖ በኋላ።

«ግማሹ የተቀመጥክበት ወለል ሥር ነው። ግማሹን ወርቁ ሲያልቅ ጌቶቹ ወደ ጎያስ ሸጡት። እኔን የሚገዛኝ ጠፋና ደብር አለቃ ሆንኩ።»

ሳቁ። ሽማግሌው የካየታኖን ጉልበት በሞቀ ጨው ውሃ አሸለት፤ ከዚያ ሦስቱም በሙታኑ ወለል ላይ ተኙ። ሮማውን እንቅልፍ ሳይወስደው ኤውፍራዚያን አሰባት። እናቷ የሞተችው እሷን ስትወልድ ነው፤ እሱ ያን ጊዜ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ለሌላ ሰው ወርቅ እያጠበ ነበር።

ቅዳሜ ዝናብ ዋለ። ኢንፊሲዮናዶ በምትባል መንደር የጥቁሮቹና የክልሶቹ ማኅበሮች በዘውዱ ፊት ማን ቀድሞ ይደውል ብለው ተጣሉ። እስኪታረቁ ድረስ እመቤታችንና ሁለቱ ሽማግሌዎች በረንዳ ላይ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ሲወጡ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ካየታኖ በአንድ እጁ ዘውዱን፣ በአንድ እጁ ዱላውን ይዞ እየተንሸራተተ ሄደ፤ ከአንድ ዳገት ሥር ሲደርስ ግን ተቀመጠ።

«አበቃ» አለ። «ዘውዱን አንተ ውሰደው።»

«እኔ ነግሼ አላውቅም።»

«እንግዲያው እዚሁ ንገሥ። ቀብቼሃለሁ።»

ሮማውን ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠው። ካየታኖ ትንሽ አንገራገረና ወጣበት። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲሸከም የኖረ ሰው ነው፤ በሰው ጀርባ ላይ መሆን ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር።

«ከባድ ነኝ?»

«ዝም በል። ስታወራ ትከብዳለህ።»

እየተንፏቀቀ፣ እየሳለ፣ ደም የቀላቀለ አክታ እየተፋ አወጣው። ያደሩት በከሰል አክሳዮች ዳስ ነው። ጎህ ሲቀድ ዝናቡ አባርቶ፣ ከካታስ አልታስ በላይ የቆመው ጥቁር ተራራ ወለል ብሎ ታያቸው፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ መንታ ግንብ። የቅዳሴ ደወል ገና አልተደወለም። ደርሰዋል። ሮማውን ከመንገዱ መካከል ተቀምጦ ሳያፍር አለቀሰ።

ኤውፍራዚያ ከወለደች ጀምሮ ያለችው በአዋላጇ በእማማ ኤንግራሲያ ቤት ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲገቡ ልብሳቸው ገና እርጥብ ነበር። ካየታኖ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «እማማ፣ አንድ ጉንጭ አረቄ አይጠፋም?» አለ።

«በዚህ ቤት?» አለች አዋላጇ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች አሮጊት ናት፤ በነጭ ሻሿ ላይ አንዲት እድፍ አታገኝም፣ የእትብት መቁረጫ መቀሷም በወገቧ ተንጠልጥሏል። «ባሌን የገደለውን ነገር እቤቴ አላስገባም። አገር ያውቃል። ክርስትና ቤት ሲቀዱልኝ እንኳ ብርጭቆዬን የምደፋ ሰው ነኝ። እሳት አለ፣ ሙቅ።»

ኤውፍራዚያ አባቷን ስታይ አልሮጠችም። ቀስ ብላ መጥታ ሕፃኗን በእጁ አስቀመጠችለት፤ ከዚያ ፊቷን ሸፈነች። ሕፃኗ ትሞቃለች፣ ግንባሯን ቋጥራለች፣ ትተነፍሳለች። ሮማውን ደነገጠ።

«ምነው ልጄ? ደህና ናት እኮ! ደረስኩ እኮ!»

«ደህና ናት» አለች እማማ ኤንግራሲያ። «ዓርብ ሌሊት ግን ትንፋሿ ቆሞ ነበር። ከንፈሯ ጠቆረ። ቄስ እስኪመጣ ትሞት ነበር። አጠመቅኋት።»

እሳቱ ውስጥ እርጥብ እንጨት ሲንጣጣ ይሰማል። ሞት ሲቃረብ ማንም ክርስቲያን ማጥመቅ እንደሚችል፣ የተጠመቀም ሰው ዳግመኛ እንደማይጠመቅ ሮማውን ያውቃል። ዛሬ ቄሱ ቅብዓ ቅዱስ ቀብቶ ያሰናብታታል እንጂ ወደ ገንዳው አያስጠጋትም። ውሃው ወርዷል። የአሮጊቷን እጅ መሳምም አንገቷን ማነቅም እኩል አሰኘው። ሁለቱንም አላደረገም፤ ደክሞት ስለነበር ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

«ሌላ ሴት ብትሆን ትርበተበት ነበር» አለች አሮጊቷ፤ ኩራቷን መደበቅ አልቻለችም። «እኔ ውሃውን ሦስት ጊዜ አፈሰስኩ። ቃሉን አንድ ሳላጎድል አልኩ።»

ካየታኖ ወደ እሷ ተጠጋ። «እማማ፣ ዛሬ ቄሱ ይጠይቅዎታል፣ አይደል? ምን አፈሰስሽ፣ ምን አልሽ ይላል?»

«ሁልጊዜ ይጠይቃል።»

«እንግዲህ ሌሊት ነው፣ ድንጋጤ አለ። አንዲት ቃል ሳትጠፋብኝ አልቀረችም ቢሉት? ቄሱ ከተጠራጠረ እንደገና ያጠምቃል። ወርቁም ከውሃው በፊት ይደርሳል።»

አሮጊቷ ብድግ አለች። «እኔ? ቃል ጠፋብኝ? የጳጳሱ መልእክተኛ ያገሩን አዋላጅ ሁሉ ሰብስቦ ሲፈትን በሕዝብ ፊት ያመሰገነው እኔን ብቻ ነው! ሁለት ጊዜ የሚያጠምቅ ክርስቶስን ሁለት ጊዜ ይሰቅላል። ያን ኃጢአት በነፍሴ ላይ ልትጭን ነው የመጣኸው? ንጉሥ ነኝ የምትለው አንተ ነህ? ንግሥናህን ይዘህ ከቤቴ ውጣ!»

«ተዋት ካየታኖ» አለ ሮማውን። «ልጅቷን አድናልናለች። ሌላ ምን ታድርግ?»

ያን ሲል እውነቱን ነበር፤ ከልቡ ግን ክፉኛ አዘነ።

የካታስ አልታስ ቤተ ክርስቲያን ገና ሲሠራ ነው ወርቁ ያለቀበት። በግራ ያሉት መንበሮች በወርቅ ቅብ ያብረቀርቃሉ፤ በቀኝ ያሉት መላእክት እስካሁን ጥሬ እንጨት ናቸው፣ አንዳንዱም ፊት አልወጣለትም። ሮማውን ቅዳሴውን ሙሉ ፊት የሌለውን አንዱን መልአክ ሲያይ ቆየ። ሕፃኗን የያዘችው እማማ ኤንግራሲያ ናት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥታ ለቄስ የምታስረክበው አዋላጇ ነውና።

ሕዝቡ ሲበተን ካፒቴን ፉርታዶ ከገንዳው አጠገብ ጠበቃቸው። ክፉ ፊት የለውም። ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ የወታደርነት ማዕረጉና ዘንጉ ናቸው የቀሩት።

«ሮማውን! ደረስክ?» አለ። «አዝኛለሁ፣ ምን ታደርገዋለህ። ቃሌን አላጠፍኩም፤ ከውሃው በፊት ነው ያልኩት። ውሃውን ያወረደው እግዜር ነው።»

«እውነት ነው ጌታዬ።»

«ሕፃኗ ጡት ስትጥል ከሴት ልጄ ጋር ትሄዳለች። ልጄን የምድራት ፓራካቱ ነው፣ ለቤቷ አንዲት ሴት ያስፈልጋታል። በደህና ቤት ታድጋለች፣ አትጨነቅ።»

ኤውፍራዚያ የአባቷን ክንድ ያዘች። ፓራካቱ ከሄደ ተመልሶ የመጣ ሰው አልታየም። እማማ ኤንግራሲያ ከኋላቸው ቆማ «ፓራካቱ» አለች፣ ለራሷ። በእጇ የወጡ ልጆች ሁሉ የት የት እንደ ተሸጡ ይህች ሴት በቃሏ ታውቃለች ይባላል።

ቄሱ አባ ኢሊዲዮ መጣ። ከሌሊት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ፣ ቶሎ ጨርሶ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው ነው። ገንዳውን አልከፈተም፤ ቅብዓ ቅዱሱን ብቻ አስከፈተ።

«ማን አጠመቃት?»

«እኔ፣ አባቴ።»

«ለምን?»

«ልትሞትብኝ ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

አሮጊቷ ቃሉን በላቲን፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ፊደል ሳታጎድል አለችው። አባ ኢሊዲዮ ራሱን ነቀነቀና አውራ ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ነከረ።

«ምን አፈሰስሽ? ውሃ ነው፣ አይደል?»

እማማ ኤንግራሲያ ሕፃኗን አየቻት። ቄሱ ጣቱን አንሥቶ ጠበቃት።

«አይደለም።»

«ምን?»

«አረቄ ነው፣ አባቴ። የሸንኮራ አረቄ።»

በደጁ አካባቢ የቀረው ሰው ሁሉ ዞሮ መጣ። አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ካፒቴኑ ዘንጉን ወለሉ ላይ መታ።

«ውሸት ነው! ይህች ሴት አረቄ ቀምሳ አታውቅም። አገር ያውቃል!»

«በቀን አልጠጣም ጌታዬ። ሌሊት ማን ያየኛል? ቅሉ ካጠገቤ ነበር፣ ሕፃኗ ስትጠቁርብኝ ያገኘሁትን ደፋሁባት።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አባ ኢሊዲዮ።

«አፈርኩ።» ከዚያ ቀና አለች። «ቃሉን ግን አሟልቼ ነው ያልኩት! በቃሌ ማንም እንዳይመጣብኝ!»

«በአረቄ ላይ የተባለ ቃል ምን ያደርጋል፣ አንቺ ሴት! ትምያለሽ?»

«እምላለሁ።»

ቄሱ ዙሪያውን ቃኘና የካየታኖን ጥቅል አየ። አስፈታው። ብሩ በቀኑ ብርሃን ሲወጣ ሰዎች አማተቡ። ካየታኖ ዘውዱን ዘረጋ። እማማ ኤንግራሲያ ሕፃኗን ለእናቷ ሰጥታ ቀኝ እጇን በእመቤታችን ዘውድ ላይ አኖረች።

«ውሃ አልነበረም» አለች።

ሮማውን ዓይኑን ጨፈነ። ያ ቤት አረቄ እንደማይገባበት ያውቃል። ምን ብላ እንደ ማለች፣ ለማን ብላ እንደ ማለች፣ በነፍሷ ላይ ምን እንደ ጫነችም ያውቃል።

አባ ኢሊዲዮ ዘይቱን አስቀምጦ የድንጋዩን ገንዳ ክዳን አስነሣ። ካፒቴኑ አንዴ ቄሱን፣ አንዴ የቆመውን ሕዝብ አየ። ቃሉን የሰጠው በዚሁ ቄስ ፊት ነው።

«ቃል ቃል ነው» አለ በመጨረሻ፣ ከጥርሱ መካከል።

የከረጢቱ ማሠሪያ በዝናቡ አብጦ ነበርና ሮማውን መፍታት አቃተው። ኤውፍራዚያ በጥርሷ ፈታችለት። ወርቁን ከገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው፤ ዕድሜው ሁሉ ያን ያህል ነበር።

«ፌሊሲያና፣ ያልተጠመቅሽ እንደ ሆንሽ አጠምቅሻለሁ» አለ ቄሱ፤ ውሃውም ወረደ። ካየታኖ ዘውዱን አቀረበ፣ ብሩ ራሷን ነካ፣ ሕፃኗ ጮኸች። ካፒቴኑ ከነጻ ማህፀን እንደ ተወለደች ነጻ መሆኗን በቸኮለ አፍ ተናገረ። ኤውፍራዚያ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከወለሉ ተቀመጠች።

«አንቺ ደግሞ» አለ አባ ኢሊዲዮ ወደ አሮጊቷ ዞሮ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብር ልጅ አታዋልጂም። ሰካራም እጅ ነፍስ አይቀበልም። መቀስሽን አምጪ።»

ከወገቧ ፈትታ ሰጠችው። አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ወደ ደጁ ሄደች፤ ሰዎች እንዳትነካቸው ይመስል ገለል እያሉ አሳለፏት።

ሮማውን ከደጁ ላይ ደረሰባት። እጇን ሊይዝ ሲል ሸሸችው።

«አትጠጋኝ» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ካፒቴኑ እያየን ነው።»

«እማማ፣ ምን ልበልዎት? ምን ላድርግልዎት?»

«ምንም እንዳትል። እውነቱ ከወጣ ጥምቀቱ ይፈርሳል፤ ጥምቀቱ ከፈረሰ ነጻነቷም ይፈርሳል። ልጅቷ አድጋ ያቺ አሮጊት ማን ነበረች ብትልህ፣ ሰካራም ነበረች በላት።»

«ለሷ እንኳ?»

«ለሷ በተለይ። ልጅ ምስጢር አይችልም።»

ካፒቴኑ ዘንጉን እያንኳኳ ከውስጥ ወጣ። ፊቱ ላይ ጥርጣሬ አለ፤ ጥርጣሬው እስከ ጳጳሱ ፍርድ ቤት ሊሄድ የሚችል ነው። ከእሱ ኋላ ሕዝቡ ተከትሏል።

«ሮማውን» አለ። «እውነት ይህች ሴት ትጠጣለች? አንተ እቤቷ ገብተህ ወጥተሃል። አይተሃል?»

ሮማውን አሮጊቷን አያት። እሷ ወደ ተራራው ታይ ነበር።

«ሰካራም ናት፣ ጌታዬ» አለ። ከዚያ ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰና ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ ጮኸ። «ምን ይጠየቃል! ገና በማለዳው ቤቷ በአረቄ ይሸት ነበር! የለየላት ሰካራም ናት!»

እማማ ኤንግራሲያ የመጀመሪያውን ደረጃ ቀጥ ብላ ወረደች። ሁለተኛው ላይ እግሯ ተጣመመ። ሦስተኛው ላይ ግድግዳውን ያዘች፣ ነጭ ሻሿ ወደ አንድ ዓይኗ ወረደ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እየተንገዳገደች፣ የሰካራም ዘፈን ነገር እያጉረመረመች ቁልቁል ሄደች። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ካፒቴኑም ራሱን ነቅንቆ ሳቀ። ሮማውንም ሳቀ። የሚያፏጭ ደረቱን በእጁ ደግፎ፣ ከሁሉም በላይ ጮኾ ሳቀ።